አቡጀዲ በማን በኩል መጣ?

መርካቶ ውስጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ ይዞ፣ ጓንግዡ ካለ ፋብሪካ በስልኩ ዕቃ የሚያዝ ወጣት ባየሁ ቁጥር ሐሳቤ ወደ አቡጀዲ ይሄዳል። አቡጀዲ በዘመኑ ለወታደሩ እጀ ጠባብና ሱሪ፣ ለመኳንንቱ ድንኳን ነበር። በአፄ ምኒልክ ዘመን ገበያችንን ያጥለቀለቀው ይህ ጨርቅ የተሸመነው አሜሪካን አገር ነው። ሆኖም አዲስ አበባ ላይ አቡጀዲ የሚሸጥ አሜሪካዊ ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነበር። ታዲያ በማን በኩል መጣ?

በኤደን በኩል ነው። ቦንዳው ኤደን ይራገፋል፤ ከዚያ የሕንድና የዓረብ ነጋዴዎች ይረከቡትና ባሕሩን አሻግረው በግመል ወደ ሐረር፣ ከሐረር ወደ መሐል አገር ይልኩታል። በየእጁ ትርፍ፣ በየኬላው ቀረጥ ይጨመርበታል። ጣቃውን ከሐበሻው ቸርቻሪ የሚገዛው ባላገር የሁሉንም ይከፍላል።

አሜሪካኖቹ ነገሩ ገብቷቸዋል። በማርሴይ ቆንስላቸው የነበረው ሮበርት ስኪነር በጅቡቲ አድርጎ መጣና በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. ከአፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተዋዋለ። ባቡሩ ድሬዳዋ ከገባ ገና አንድ ዓመቱ ስለ ነበር፣ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ የግመልና የበቅሎ ነበር። ውሉ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ውል ዱቤ አይሰጥም።

እኔ ቁልፉ እዚህ ላይ ነው እላለሁ። የእኛ ነጋዴ ሀብቱ ማርያ ትሬዛ ብር ነበር። አንዱ ብር 28 ግራም ይመዝናል፤ ሺው 28 ኪሎ መሆኑ ነው! ይህን ተሸክሞ ከባሕር ማዶ ፋብሪካ ጋር መገበያየት እንዴት ይቻላል? ሕንዱ ግን ቦምቤይም ኤደንም ዘመድና ሸሪክ አለው፤ ደብዳቤው ብቻ ዕቃ ያስልክለታል። የአቢሲንያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምርም ባለቤቶቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ።

ከዚያ ጃፓን መጣች። የአሜሪካኑን አቡጀዲ የሚመስል፣ በዋጋ ግን የሚረክስ ጨርቅ አቀረበችና በ1920ዎቹ ዓ.ም. ገበያውን ያዘችው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ደርሰው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚለውን መጽሐፍ ያሳተሙት በዚህ ወራት ነው። ሻጩ ተለወጠ፤ የእኛ ወንበር ግን ከነበረበት አልተነቃነቀም።

ይህን ቀድመው ያዩት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። ድሬዳዋ ላይ ነጋድራስ ሆነው ሲሠሩ የሚወጣውን ቡናና ቆዳ፣ የሚገባውን ጨርቅ ባንድ ዐይን ተመልክተዋል። ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፋቸው፣ ዕውቀት ያለው ሕዝብና ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ሲገበያዩ ያንዱ የብዙ ቀን ድካም በሌላው የጥቂት ቀን ሥራ እንደሚለወጥ ያስረዳሉ። ክርክራቸው ከነጋዴው ትርፍ ያልፋል፤ ጨርቁን ራሳችን ለምን አንሠራም ወደሚለው ይደርሳል።

ጣልያን በበኩሉ ትልቁን የሕንድ ንግድ ቤት፣ መሐመድ አሊን፣ በ1929 ዓ.ም. ዘግቶ አባረረ። ያደረገው ግን ቦታውን ለራሱ ኩባንያዎች ሊለቅ ነው። ጉራጌውና ሌላው ያገሬ ሰው መርካቶ ውስጥ ከችርቻሮ ተነሥቶ ወደ ጅምላው፣ ከጅምላው ወደ አስመጪነቱ የተሻገረው ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ ባሉት ዐሥርት ዓመታት ነው፤ እሱም ቀስ በቀስ፣ አብዛኛውን ጊዜ የባንክ ብድር ሳይሆን የዕቁብ ብር ይዞ።