ዋናው ዘፋኝ እስኪመጣ

እ.ኤ.አ. በ1962 ገደማ አዲስ አበባ ውስጥ አሪዞና የሚባል የምሽት ክበብ ነበር። ስሙን ከካውቦዮች አገር ቢዋስም መድረኩን የሚያሞቁት የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሙዚቀኞች ነበሩ፤ የመንግሥት ሥራቸውን ሲጨርሱ ማታ ማታ እዚያ ይጫወታሉ። በቤቱ ውስጥ የተገኘውን ሥራ ሁሉ የሚሠራ አንድ የመርካቶ ልጅ ነበር፤ ቀደም ሲል ጫማ እየጠረገ ያደገ። አንድ ምሽት የተለመዱት ዘፋኞች ሳይመጡ ቀሩ። ልጁ እንዲሞክር ጠየቀ፣ ፈቀዱለት፣ ዘፈነ። ብዙም ሳይቆይ ክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ገባ፤ እስከ 1974ም ከዚያ አልወጣም። ማሕሙድ አሕመድ ነው።

በዚያው በ1962 አሜሪካ ላስ ቬጋስ ውስጥ ዊን ስቱዋርት የተባለው የካንትሪ ዘፋኝ በሚሠራበት ክበብ ተመሳሳይ ነገር ደረሰ። ስቱዋርት ቤዝ ጊታር ተጫዋች ጎድሎበት ፍለጋ ወጥቷል። ባንዱ ግን ሥራ ላይ ነው። ጊታሪስቱ ሮይ ኒኮልስ ትንሽ ማረፍ ፈለገና ለማየት ለመጣ አንድ የቤከርስፊልድ ወጣት ጊታሩን ሰጠው። ወጣቱ እየዘፈነ ሳለ ስቱዋርት ገባ፤ ሰምቶም በቤዝ ተጫዋችነት ቀጠረው። ይህ ከሳን ኩዌንቲን እስር ቤት ከወጣ ብዙም ያልቆየ ወጣት ኋላ የካንትሪ ሙዚቃ ምሰሶ የሆነው መርል ሃጋርድ ነበር።

ሁለቱም ዕድል ያገኙት በአንድ ዓይነት ሰዓት ነው። ዋናው ዘፋኝ የለም፤ ታዳሚው ተቀምጧል፤ ባንዱ ደግሞ የሰው ዘፈን እየተጫወተ ሰዓቱን ይሞላል። በካንትሪው ዓለም ይህ የታወቀ ሥርዓት ነበር። ከከተማ ከተማ የሚዞር ዘፋኝ አጃቢ ባንዱን አስቀድሞ ወደ መድረክ ይልካል። ባንዱ በጊዜው የተወደዱ የሌሎች ሰዎች ዘፈኖችን እየተጫወተ ሕዝቡን ያሟሙቃል፤ ከዚያ የዋናው ሰው ስም ይጠራል። የሬይ ፕራይስ አጃቢ ቼሮኪ ካውቦይስ በዚህ ረገድ እንደ ትምህርት ቤት ነበር፤ ዊሊ ኔልሰን፣ ሮጀር ሚለር እና ጆኒ ፔይቼክ አልፈውበታል። ባክ ኦውንስም የራሱ ዘፈን ከመታወቁ በፊት በቤከርስፊልዱ ብላክቦርድ ክበብ ለዓመታት ጊታር ተጫውቷል። ስሙ ሲገን ለመሠረተው ባንድ «ባካሩስ» የሚለውን ስም ያወጣለት ለአጭር ጊዜ ቤዝ የተጫወተለት ያው ሃጋርድ ነው።

የአሜሪካ ዘፈን ወደ ኢትዮጵያ ከገባባቸው በሮች አንዱ አስመራ ነበር። የቃኘው ጣቢያ የአሜሪካ ጦር ሰፈር የራሱ ሬዲዮ ነበረው። ፕሮግራሙ የተዘጋጀው ለወታደሮቹ ነው፤ ነገር ግን የሬዲዮ ሞገድ የግቢ አጥር አያግደውምና የከተማው ወጣት ኤልቪስንም፣ ሶልንም፣ የወታደሮቹን የአገር ቤት ዘፈንም አብሮ ሰማ። ሁለተኛው በር የተከፈተው በ1962 የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት ሲመጡ ነው። ለአስተማሪነት በየአውራጃው ሲበተኑ ሸክላቸውንና ጊታራቸውን ይዘው ነበር። አንዱ፣ ቻርልስ ሳተን፣ እንዲያውም ነገሩን ገለበጠው፤ መሰንቆ ተማረና ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ይዞ በ1969 አሜሪካን ዞረ። ቡድኑ «ብሉ ናይል» በሚል ስም በታዋቂው የኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ትርኢት ላይ ቀርቧል።

አዲስ አበባ ላይ ግን እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ ዘመናዊ ሙዚቃ የመንግሥት ነበር። ክብር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊት፣ ጦር ሠራዊት፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር እያንዳንዳቸው ኦርኬስትራ አላቸው፤ ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ፣ አብዛኛውም ወታደር ነው። የግል ባንድ ሲመጣ የመጣው በሆቴልና በክበብ በኩል ነው፤ ከቀዳሚዎቹ አንዱ የራስ ሆቴል ባንድ ነበር። ፀጉሩን እንደ ኤልቪስ እያበጠረ የአሜሪካ ዘፈን የሚያወርደው ዓለማየሁ እሸቴም የዚያ ዘመን ሰው ነው። በልጅነቱ ሆሊውድ ለመሄድ መርከብ ፍለጋ ምጽዋ ድረስ ጠፍቶ እንደነበር ራሱ አውርቷል። በ1969 ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ የነበረው አምሃ እሸቴ፣ ሸክላ የማሳተም ብቸኛ መብት የሀገር ፍቅር ቴአትር ነው የሚለውን ደንብ ተዳፍሮ አምሃ ሪከርድስን ሲከፍት የመጀመሪያውን ሸክላ ያሳተመለት ለዚሁ ዘፋኝ ነበር። በሰው ዘፈን የተሟሸው ድምፅ የራሱን ሥራ ይዞ ወጣ።

የክበብ ሙዚቀኛ ኑሮ ግን ቀላል አልነበረም። በብዙ ቤቶች ሳክስፎኑም፣ ድራሙም፣ ማጉያውም የባለቤቱ ንብረት ነው። ሙዚቀኛው ተጣልቶ ሲወጣ ባዶ እጁን ይወጣል፤ ባንዱም በዚያው ይፈርሳል። ዋልያስ ባንድን ለየት ያደረገው ይህ ነው። ከቬነስ ክበብ የተሰባሰቡት አባላት የራሳቸውን መሣሪያ ይዘው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሂልተን ሆቴል ሲገቡ ባንዱ የራሳቸው ነበር። አሥር ዓመት ያህልም እዚያ ቆዩ።

የሂልተን ምሽት በደረጃ የተከፋፈለ ነው። ወደ ማምሻው እንግዳው መጠጡን ይዞ ሲያወራ ባንዱ ለስለስ ያለ ሙዚቃ በመሣሪያ ብቻ ይጫወታል። ራት ሲቀርብም ዘፋኝ አይወጣም፤ ዲፕሎማቱ ከጎኑ ያለውን ሰው መስማት አለበት። ጭፈራው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ደብረ ብርሃን ተወልዶ በአሥር ዓመቱ አዲስ አበባ የመጣው፣ በልጅነቱም ጦር ሠራዊት ሙዚቃ ክፍል ገብቶ የወጣው የዋልያሱ ኃይሉ መርጊያ ከኦርጋኑ ኋላ ተቀምጦ ያንን ዝምተኛ ሰዓት ሠራበት። ሁሉም የሚያውቀውን የአገር ዘፈን ግጥሙን ትቶ ዜማውን ለኦርጋንና ለሳክስፎን ሰጠው፤ ከሥሩ ከአሜሪካ ሸክላ የተማሩትን የቤዝና የድራም አመታት አስገባ። ፈረንጁ እንደ ጃዝ ያዳምጠዋል፤ ኢትዮጵያዊው ቃሉን በልቡ እየሞላ ይሰማዋል።

በኅዳር 1973 አሜሪካዊው የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራውን ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ ከተማው ለእንዲህ ያለ እንግዳ የበቃ የሙዚቃ ሰው አላጣም። አስተናጋጁ ሙዚቀኛው ሙላቱ አስታጥቄ ነበር፤ ለኤሊንግተን ባንድ የራሱን ቅንብር አቅርቦ አስጫውቷል። ከዓመት በኋላ ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ። የከተማው ሌሊት ሲቆለፍ የሂልተን ታዳሚ መፍትሔ አገኘ፤ ከሰዓት እላፊው በፊት ገብቶ ጎሕ ሲቀድ መውጣት። ባንዱም አብሮ ያነጋል።

ያን ያህል ሰዓት በሰው ዜማ ብቻ አይሞላም። በ1977 ዋልያስ ከሙላቱ ጋር «ቸ በለው» የተሰኘውን አልበም ሲቀርጽ ዘፋኝ አልተጠራም፤ አልበሙ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ነው። በሌሎች ሆቴሎችም ተመሳሳይ ሥራ ነበር። የግዮን ሆቴሉ ዳህላክ ባንድ በ1978 ከኃይሉ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ቀርጿል፤ አይቤክስ ባንድ ደግሞ በ1975 ማሕሙድን በ«ኧረ መላ መላ» ያጀበው ነው፤ ኋላ ሮሃ ባንድ ተባለ።

በ1981 ዋልያስ ማሕሙድ አሕመድን፣ ጌታቸው ካሳንና ውብሸት ፍሥሐን አጅቦ አሜሪካን ዞረ። ታዳሚው በአብዛኛው ከአገሩ የተሰደደ ኢትዮጵያዊ ነበር። ጉዞው ሲያልቅ ከባንዱ ኃይሉ፣ ሞገስ ሀብቴ፣ መላከ ገብሬና ግርማ በየነ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ ኋላ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነጂ ሆነ፤ ኪቦርዱን በመኪናው ሻንጣ ይዞ እየዞረ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር። በ1985 ብቻውን የሠራውን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ ገዝቶ በ2013 እንደገና ሲያሳትመው ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ።

ቅጂውም አቅጣጫ ቀይሯል። ከ«ቸ በለው» አልበም «ሙዚቃዊ ስልት»ን በ1998 ዳክታሪስ የተባለ የብሩክሊን ባንድ ተጫወተው፤ ሌሎችም ተከተሉ። በጥር 2004 የቦስተን አካባቢው አይዘር ኦርኬስትራ አዲስ አበባ መጥቶ ለዓመታት ከሸክላና ከሲዲ ያጠናቸውን የኢትዮጵያ ዜማዎች ለባለቤቶቹ ተጫወተ። በዚያ መድረክ ላይ አሜሪካኖቹ አጃቢ ነበሩ፤ ሙላቱ አስታጥቄ፣ ጌታቸው መኩሪያ፣ ባሕታ ገብረ ሕይወት፣ ሚካኤል በላይነህና ፀደኒያ ገብረ ማርቆስ ደግሞ ዋናዎቹ።