የድንጋይ ሾርባ፦ የተጣሉ ኮምፒውተሮች ታሪክ

ቤታችሁ ውስጥ ከቁም ሳጥን ላይ ወይም ከአልጋ ስር አቧራ ለብሶ የተቀመጠ አሮጌ ኮምፒውተር አለ? «ይሄማ አልቆለታል፤ ለቆራሌው ይሰጥ» የተባለለት? ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት በሚገኘው የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ዊልያም ሃርግሮቭና ፎረስት ሆፍማን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ ካርታ መሥራት ፈለጉ። ዝናባቸው፣ አየራቸውና አፈራቸው የሚመሳሰሉ ቦታዎችን በአንድ የሚመድብ የሥነ ምህዳር ካርታ ነው። ችግሩ ስሌቱ ላይ ነበር። 48ቱን ተያያዥ ግዛቶች አንድ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር እያደረጉ ሲከፋፍሏቸው 7.8 ሚሊዮን ያህል ቁራሽ መጣ። ለእያንዳንዱ ቁራሽ ደግሞ እስከ 25 የሚደርሱ መለኪያዎች አሉ። ይሄን አንድ ኮምፒውተር ብቻውን አይችለውም። 64 ኮምፒውተሮችን አገናኝተው ለመሥራት ገንዘብ ጠየቁ፤ ጥያቄያቸው ውድቅ ሆነ።

ቀጥለው ምን እንዳደረጉ ለመረዳት ግን እስቲ አምስት ዓመት ወደ ኋላ እንመለስና ፊንላንድ እንሂድ።

በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ዕድሜው 21 ዓመት። በእጁ የነበረው ኢንቴል 386 የሚባል ፕሮሰሰር ያለው ተራ የግል ኮምፒውተር ነው። በዩኒቨርሲቲዎች ትልልቅ ማሽኖች ላይ ይሠራ የነበረውን የዩኒክስ ዓይነት ስርዓተ ክወና በዚህች ኮምፒውተር ላይ ለማግኘት ፈለገና ራሱ መጻፍ ጀመረ። ነሐሴ ወር ላይ ሥራውን ለሌሎች ሲያስተዋውቅ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ እንደሆነና ትልቅ ነገር እንደማይሆን ነበር የተናገረው። ሊኑክስ የተወለደው እንዲህ ነው።

በ1992 ደግሞ ሊኑክስ ጂፒኤል በሚባል ፈቃድ ስር ገባ። ፈቃዱ የመጣው ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ይፋ ካደረገው የግኑ ፕሮጀክት ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ማንም ኮዱን ማየት፣ ማሻሻልና ማሰራጨት ይችላል፤ ሲያሰራጭ ግን ለተቀባዩም ያንኑ ነጻነት መስጠት አለበት። ስለዚህ መቶ ኮምፒውተር ላይ ብትጭኑት መቶ ጊዜ ፈቃድ ግዙ የሚላችሁ የለም። ይቺን ነጥብ ያዙልኝ።

በ1994 ናሳ ውስጥ ቶማስ ስተርሊንግና ዶናልድ ቤከር 16 ተራ ኮምፒውተሮችን በኔትወርክ ገመድ አገናኝተው፣ ሊኑክስ ጭነው፣ አንድን ከባድ ስሌት ተከፋፍለው እንዲሠሩ አደረጉ። ስሙን ቤዎልፍ አሉት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይሄ ነው።

አሁን ወደ ኦክ ሪጅ እንመለስ። ሁለቱ ተመራማሪዎች ገንዘብ ሲከለከሉ ዙሪያቸውን ተመለከቱ። መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ኮምፒውተሮቹን በአዲስ እየተካ ነበር፤ በመቶ የሚቆጠሩ ማሽኖች መወገጃቸውን ይጠብቃሉ። እነሱም መሰብሰብ ጀመሩ። የአንዱን ሚሞሪ፣ የሌላውን ዲስክ እያወጡ ይገጣጥማሉ፤ ብዙ ጊዜ ከአምስት አሮጌ ኮምፒውተር ሁለት ደህና ይወጣ ነበር። በእያንዳንዱ ላይ ሊኑክስ ጫኑበት። በ2001 የማሽኖቹ ቁጥር 133 ደርሶ ነበር፤ ከነሱ 75ቱ በዚያን ጊዜ ማንም የማይፈልጋቸው ባለ 486 ፕሮሰሰር ኮምፒውተሮች ናቸው። ካርታውም ተሠራ።

ስሙን ከአንድ የአውሮፓ ተረት ወሰዱት። የራበው ወታደር አንድ መንደር ገብቶ «ከድንጋይ ሾርባ እሠራለሁ» ይላል። ድንጋዩን ውሃ ውስጥ ሲጥል አንዱ ካሮት፣ ሌላው ድንች፣ ሌላው ሥጋ እያመጣ በመጨረሻ መንደሩ በሙሉ የሚበላው ሾርባ ይሆናል።

«ታዲያ እኔ ካርታ አልሠራ፤ ምን አገባኝ?» ትሉ ይሆናል። መልሱ ሰርቨር ከሚለው ቃል ይጀምራል። ብዙዎቻችን ሰርቨር ሲባል ልዩ ዓይነት ግዙፍ ማሽን ይመስለናል። ሰርቨር ግን የሥራ ስም ነው፤ ልክ እንደ አስተናጋጅ፦ ሌሎች ኮምፒውተሮች ይጠይቃሉ፣ እሱ ያቀርባል። በ1990 ቲም በርነርስ ሊ በስዊዘርላንድ በሰርን የመጀመሪያውን የድር ሰርቨር ያስነሳው በጠረጴዛው ላይ በነበረው ኮምፒውተር ነው። ሰው መጥቶ እንዳያጠፋው «ይህ ማሽን ሰርቨር ነው፤ አታጥፉት» የሚል ማስጠንቀቂያ በቀይ ቀለም ጽፎ ለጥፎበታል።

አሮጌው ኮምፒውተራችሁ ቪዲዮ ሲያጫውትና ብዙ ገጽ ሲከፍት ይንቀራፈፍ ይሆናል። ፋይል አውጥቶ ማቀበል ግን ቀላል ሥራ ነው። ከ1993 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጀውን ዴቢያን የተባለ የሊኑክስ ዓይነት በፍላሽ ገልብጣችሁ፣ የመስኮትና የምስል ገጽታውን ትታችሁ ብትጭኑት፣ ሸክሙ በጣም ይቀላል። መጫን ዲስኩ ላይ ያለውን ስለሚያጠፋ መጀመሪያ የሚፈለገውን አውጡ። ከዚያ ኪቦርድና ስክሪን ሳትሰኩ ኤስኤስኤች በሚባለው መንገድ ከሌላ ኮምፒውተር ታዙታላችሁ፤ እሱም በ1995 እዚያው ፊንላንድ የተፈጠረ ነው። ሳምባ የቤተሰቡን ፎቶና ሰነድ ለሁሉም ያካፍላል። ኪዊክስ ደግሞ አንዴ የወረደ ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት ለቤቱ ሰው ሁሉ ያቀርባል።

እውነቱን ለመናገር እንከንም አለው። ትልቁ አሮጌ ዴስክቶፕ መብራት ይበላል። ላፕቶፕ ከሆነ ይሻላል፤ ባትሪው ገና የሚሠራ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ይይዛል፤ ያበጠ ባትሪ ካለው ግን አትጠቀሙበት። አሮጌ ዲስክ ሳይናገር ይሞታልና የፎቶዎቻችሁ ብቸኛ ቅጂ እዚያ አይሁን። ደህንነቱን በደንብ እስክትማሩ ድረስም ከቤት ኔትወርክ ውጭ አትክፈቱት።

ይሄን ሁሉ ካያችሁ በኋላ ያንን ኮምፒውተር ከአልጋ ስር አውጡና አቧራውን ጥረጉት፤ ሰክታችሁም አብሩት። ከበራ ሾርባው ተጥዷል። ሥራ ሲጀምር ታዲያ ቀይ እስክሪብቶ ፈልጉ፤ ቤት ውስጥ አላስፈላጊ መስሎት የሚያጠፋው ሰው አይጠፋም።