ከጥዱ ሥር ያለው ውኃ

ላሊበላ የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ አሥራ አንዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አይቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። አይፈረድበትም፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 የመዘገባቸው የዓለም ቅርሶች ናቸው። የላስታን ታሪክ ከሥሩ ማየት የፈለገ ግን በብልብላ በኩል 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ይምርሐነ ክርስቶስ ድረስ መውጣት አለበት። የእኛ ባች ልጆች ለመገናኘት የመረጥነው ይህንኑ ቦታ ነበር።

መኪና የሚቆመው ከታች ነው፤ ከዚያ በኋላ እግር ነው። የተራቆተው የእርሻ መሬት ያበቃና በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጥግ ላይ የጥድና የወይራ ደን ይጀምራል። አየሩ ወዲያው ይቀዘቅዛል። ለታካሚ ሁሉ «በቀን 30 ደቂቃ ተራመድ» እያልን የምንመክር ሰዎች ዳገቱ ላይ ተራ በተራ ቆመን ትንፋሽ ስንሰበስብ፣ የአካባቢው እናቶች በባዶ እግራቸው አልፈውን ሄዱ።

በዋሻው ውስጥ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ያሠራው፣ ከላሊበላ በፊት የነገሠው የዛጉዌው ንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ ነው። ንጉሥም ካህንም ነበር። ግድግዳው አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ ነጭ የተለሰነ ድንጋይ እየሆነ ይወጣል፤ የአክሱም ግንበኞች ስልት ነው። ላሊበላ ያለውን ቤተ አማኑኤልን አስታውሱ፤ ያው ንብብር እዚያ በአለት ላይ ተፈልፍሎ ተመስሏል። እዚያ መልኩ ብቻ ነው፤ እዚህ እንጨቱ ራሱ አለ። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ ኢትዮጵያ የነበረው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም በዋሻው ስፋት ተደንቆ ጽፏል። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከሩቅ አገር የመጡ ምእመናን ናቸው የሚባሉ ሰዎች አጽም ተኝቷል። አናቶሚ ክፍል ስንቀልድ የከረምነው ልጆች እዚያ ድምፃችን ጠፋ።

እኔን የያዘኝ ግን ወለሉ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ የቆመው ረግረግ ላይ ነው። ከሥሩ ሐይቅ ነበር ይላል ትውፊቱ፤ መሠረቱም እንጨት ተረብርቦ የተጣለ ነው። ከላይ ደን፣ ከታች ውኃ፣ በመካከል ሰው የሚጸልይበት ቤት። ደኑንም ያቆየው የደን ጠባቂ መሥሪያ ቤት ሳይሆን «የቤተ ክርስቲያን ዛፍ አይቆረጥም» የሚል የአባቶች ሕግ ነው።

ይህ የእኛም የሙያ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ፤ በማግሥቱ ዓመት የጎንደር የጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ጤና መኮንን፣ ኮሚዩኒቲ ነርስና ሳኒቴሪያን አብረው ሠልጥነው ገጠር ወጡ። እኛም ቲቲፒ ስንወጣ ከመድኃኒቱ በፊት የምንጠይቀው «ውኃ ከየት ነው የምትቀዱት?» ብለን ነበር። ፊቱን የሚታጠብበት ውኃ ያጣ ሕፃን ትራኮማ ይመላለስበታል፤ አዚትሮማይሲን ብቻውን አይበቃውም።

በ«እመጓ» መጽሐፉ ብዙዎቻችን የምናውቀው ዶ/ር አለማየሁ ዋሴ በሙያው የደን ሳይንቲስት ነው። በደቡብ ጎንደር ያሉ የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንቶ፣ ከካህናቱና ከገበሬው ጋር በድንጋይ አጥር ማስከበር ጀመረ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ከብት ካልገባ ቡቃያው አይረገጥም፣ አይበላም፤ ያረጀውን ዛፍ የሚተካ ያድጋል። ገበሬውም ከማሳው የለቀመው ድንጋይ ሥራ ላይ ይውላል።

እንግዲህ ከዚህ ሪዩኒየን መታሰቢያ እንተው ከተባለ፣ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ምንጭ ዳር ባሕር ዛፍ ተክለን ፎቶ አንነሣ። ባሕር ዛፍ ለቤት መሥሪያም ለማገዶም ይጠቅማል፤ ምንጭ አጠገብ ግን ውኃውን ይሻማል። ይልቅ አንድ ደን እንምረጥ፤ ካህናቱና ገበሬዎቹ ከፈቀዱ አጥሩን እናሠራ። የቲቲፒ ተማሪዎችም በየዓመቱ የምንጩን ውኃ ይለኩ፣ የሕፃናቱን ዓይን ይመርምሩ፤ ውጤቱን ለመንደሩ ሰው ይንገሩ። «ይኼ የሐኪም ሥራ ነው ወይ?» የሚል መምህር እንደሚኖር አውቃለሁ። ሳኒቴሪያንን ከጤና መኮንን ጋር አንድ ክፍል አስቀምጠው ያስተማሩት መምህራን ጥያቄውን ከእኛ በፊት መልሰውታል።