የአንድ ሰዓት መንገድ ወደ ቦነያ

ሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ.ም. ሦስት የጣልያን አውሮፕላኖች ወደ ወለጋ በረሩ፤ ያረፉትም ነቀምት አቅራቢያ ቦነያ በተባለ ሜዳ ላይ ነው። አዲስ አበባ በጠላት እጅ ከወደቀች ሁለት ወር አልሞላትም። ምዕራቡ ግን ገና አልተያዘም። ከነቀምት በዲጋ አድርጎ ዴዴሳን ተሻግሮ ወደ ግምቢና ደምቢ ዶሎ የሚዘልቀው አገር ሁሉ ከፋሽስት እጅ ውጭ ነበር።

ከአዲስ አበባ ነቀምት በሰማይ ሲለካ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሦስቱ ሁለቱ ባለ ሦስት ሞተር ካፕሮኒ 133 ነበሩ፤ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ቢበሩ ከአንድ ሰዓት ከሩብ የሚበልጥ ጉዞ አይደለም። በምድር ግን መንገዱ በአምቦ፣ በጉደርና በባኮ ተጠማዞ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በበጋ በቅሎ በቀን 30 ኪሎ ሜትር ቢሄድ አሥራ አንድ ቀን ነው። በሰኔማ ጭቃው አለ፣ የጊቤ ሙላት አለ፤ ለከባድ መኪናና ለመድፍ ጭራሽ የሚሞከር አልነበረም።

የቡድኑ አለቃ የአየር ኃይሉ ጄኔራል ቪንቼንዞ ማሊዮኮ ነበር። ዓላማው የአካባቢውን መሪዎች፣ በተለይም ደጃዝማች ሀብተማርያም ገብረእግዚአብሔርን፣ ያለ ጦርነት ማስገበር ነው። ቀድሞ ወለጋ የኖሩት የኮንሶላታው ሚስዮናዊ አባ ማርዮ ቦሬሎም አብረው ተሳፍረዋል።

ከሁሉም ይልቅ የሚገርመኝ ግን አንቶኒዮ ሎካቴሊ ነው። ይህ የቤርጋሞ ሰው በ1918 እ.ኤ.አ. ከገጣሚው ዳኑንዚዮ ጓድ ጋር ቪየና ድረስ በርሮ ወረቀት በትኖ ተመልሷል፤ ደርሶ መልሱ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዓመቱ የአንዲስን ተራሮች ተሻገረ። በ1924 እ.ኤ.አ. አትላንቲክን ሊያቋርጥ ተነስቶ ግሪንላንድ አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ፤ ቀናት ከማዕበል ጋር ታግሎ የአሜሪካ የጦር መርከብ አወጣው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ቦነያ ምኗ ሩቅ ነው?

በዚያው ወቅት የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች ነቀምት አካባቢ ነበሩ። ትምህርት ቤቱን ያቋቋሙት በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች ናቸው፤ ልጆቹ ኮርሳቸውን ሳይጨርሱ ጦርነቱ ደረሰባቸው። ጥቁር አንበሳ የተባለውን የአርበኞች ማኅበር ሲያቋቁሙ ከመሪዎቻቸው መካከል ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ፣ ክፍሌ ናሲቡና በላይ ኃይለአብ ነበሩ።

እንግዶቹ ሌሊቱን እዚያው አውሮፕላኖቻቸው አጠገብ ሊያሳልፉ ወሰኑ። ድፍረት ነው ወይስ ንቀት? እኔ ንቀት እለዋለሁ። ያ የአንድ ሰዓት መንገድ የሚሠራው በቀን፣ ያውም ደመናው ሲፈቅድ ነው። ሲመሽ ለደጀን ጦራቸው ቦነያ አሥራ አንድ ቀን ርቃ ትገኝ ነበር፤ በክረምት ደግሞ ከዚያም ትብሳለች።

ጥቁር አንበሶች ለሰኔ 20 አጥቢያ በጨለማ ደረሱባቸው። ማሊዮኮና ሎካቴሊ ከባልደረቦቻቸው ጋር ተገደሉ፤ ሦስቱም አውሮፕላኖች ተቃጠሉ። የተረፉት አባ ቦሬሎ ብቻ ናቸው።

የጣልያን አየር ኃይል ለበቀል ተመልሶ ነቀምትን በቦምብ ደበደበ። ጣልያኖች ከተማይቱን የያዟት ግን ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ያኔ ጥቁር አንበሶች ከጦር መሪው ከራስ እምሩ ጋር ተቀላቅለው ወደ ደቡብ ምዕራብ አቅንተው ነበር፤ በታኅሣሥ 1929 ጎጀብ ወንዝ ላይ ተከበው ራስ እምሩ እጃቸውን እስኪሰጡ ድረስ ያን ሁሉ አገር ያቆራረጡት በእግራቸው ነው።