ከሸዋ በር እስከ ስቲልዋተር

ከሐረር ጀጎል በሸዋ በር ወጥቶ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው የአወዳይን የጫት ገበያ ያልፋል። ከዚያ እልፍ ሲል፣ ከከተማዋ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በዛፍ የተሸፈነ ሰፊ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ያገኛል። ዛሬ ስሙ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው። በዕድሜ ገፋ ያሉት የሐረርጌ ሰዎች ግን «ዓለማያ ኮሌጅ» ማለቱን አልተዉትም።

ይህ ግቢ ባሕር ማዶ አንዲት ታላቅ እህት አለችው። ስሟ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ አገሯም በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት ያለችው ትንሿ የስቲልዋተር ከተማ ናት። እዚያ «ፉትቦል» ሲባል የሐረር ልጅ የሚያስበው ጨዋታ አይመጣም። ኳሷ ሞላላ ናት፤ በእግር የምትመታው አልፎ አልፎ ነው፤ ተጫዋቹ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ይሮጣል፣ አለዚያም በእጁ ይወረውራታል። በመጸው ቅዳሜዎች ደግሞ ከተማው ሁሉ ስታዲየም ይገባል፤ የሚጫወቱት ተማሪዎች ናቸው።

ኳሷ እንግዳ ብትሆንም ጥያቄው እንግዳ አይደለም። ይዞ መሮጥ ነው ወይስ ማቀበል? በሐረር ሜዳዎች ዳር የቆመ አባት ልጁን «አቀብል እንጂ!» ብሎ ሲቆጣ የሚያነሳው ክርክር በስቲልዋተር ከመቶ ዓመት በላይ ሲያነታርክ ኖሯል።

የጨዋታው ሒሳብ ቀላል ነው። አጥቂው ቡድን አራት ሙከራ ይሰጠዋል፤ በአራቱ ሙከራ አሥር ያርድ ወደፊት ከገፋ አራት ሌላ ይጨመርለታል፣ ካልገፋ ኳሷን ያስረክባል። ይዞ የሚሮጥ ሰው ሁለት ሦስት ያርድ እየቆነጠረ ይሄዳል፤ ኳሷ ግን ከእጁ ብዙም አትጠፋም። የሚወረውር በአንድ ጊዜ ሃምሳ ያርድ ሊያገኝ ይችላል፤ ወይ ደግሞ ባዶ እጁን ይቀራል፣ ወይ ተጋጣሚው ኳሷን ከአየር ላይ ይጠልፍበታል። ነጋዴ ቢሆኑ አንዱ በችርቻሮ፣ ሌላው በጅምላ የሚሠራ ነው ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ ላይ ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም። ኳሷን ወደፊት መወርወር በሕግ የተከለከለ ስለነበር ጨዋታው መገፋፋት፣ መረጋገጥ፣ አጥንት መሰባበር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1905 የውድድር ዘመን ተማሪዎች በሜዳ ላይ እስከ መሞት ሲደርሱ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የታላላቆቹን ኮሌጆች ሰዎች ዋይት ሐውስ ጠርተው «ይህን ነገር አስተካክሉ» አሏቸው። በማግስቱ ዓመት ወደፊት መወርወር ተፈቀደ። ፈቃዱ ግን ንፉግ ነበር፤ የተወረወረችው ኳስ ማንም ሳይነካት መሬት ከወደቀች ለተጋጣሚ ትሰጥ ነበር። እንዲህ ባለ ሕግ ሥር የሚወረውር አሠልጣኝ ደፋር ነው፣ አለዚያም የቸገረው። ሕጉ እየላላ፣ ኳሷም ለመዳፍ እንድትመች እየቀጠነች የመጣችው ቀስ በቀስ ነው።

አሁን ወደ ስቲልዋተር። በ1940ዎቹ ዓመታት (በፈረንጆቹ) ኮሌጁ ገና ኦክላሆማ ኤ ኤንድ ኤም ይባል ነበር፤ ሁለቱ ፊደላት እርሻንና መካኒክን የሚወክሉ ናቸው። ፕሬዚዳንቱ ከ1928 ጀምሮ ሥልጣን ላይ የነበሩት ሄንሪ ቤኔት ናቸው። ይህን ስም አንባቢ ይያዝልን፣ ወደ ሐረርጌ የሚያደርሰን እሱ ነው። በ1945 የቡድኑ አሠልጣኝ ጂም ሉካቦ፣ ኮከቡ ደግሞ ቦብ ፌኒሞር የሚባል ልጅ ነበር። በፀጉሩ ምክንያት «ባለ ወርቃማ ፀጉሩ ቦምብ ጣይ» ብለው ቅጽል አወጡለት፤ ዘመኑ የጦርነት ዘመን ነበርና ቅጽሉም ከዚያው ተቀዳ።

የፌኒሞር ጨዋታ ቀረብ ብሎ መታየት አለበት። በጊዜው አሰላለፍ ኳሷን መሐል ላይ ያጎነበሰው ሰው በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ ይልካታል፤ አራት አምስት ያርድ ርቆ የቆመው ፌኒሞር በሁለት እጁ ይቀበላል። ወዲያው ወደ ቀኝ መሮጥ ይጀምራል፤ ከፊቱ ጓደኞቹ መንገድ ይጠርጋሉ። ኳሷ ደረቱ ላይ ናት። ከወዲያ በኩል በሜዳው ዳር የቆመው ተከላካይ ያያታል፣ ነገር ግን ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ሊይዘው ወደፊት ከወጣ ከጀርባው ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ፌኒሞር ሩጫውን ሳያቆም ክንዱን ያነሳና በዚያው ባዶ ቦታ ለሚሮጠው ጓደኛው ይወረውራል። ተከላካዩ ወደ ኋላ ከቀረ ደግሞ ፌኒሞር መወርወሩን ትቶ ይገሰግሳል። ተከላካዩ ሁለቱንም ሊያደርግ አይችልም፤ አንድ ሰው ነው።

በዚያ ዓመት ፌኒሞር 1,048 ያርድ ሮጠ፣ 593 ያርድ ወረወረ፤ ድምሩ 1,641 ያርድ ከአገሪቱ ኮሌጆች ተጫዋቾች ሁሉ አንደኛ አደረገው። ቁጥሮቹን ያየ «ሚዛኑ የታለ?» ሊል ይችላል፤ ሩጫው የውርወራውን እጥፍ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ነገሩ ግን በሚዛን ቤት እኩል እንደሚከፈል ቅቤ አይደለም። ተጋጣሚው የትኛው እንደሚመጣ አስቀድሞ እስካላወቀ ድረስ አንዲቷ ውርወራ የአሥር ሩጫ መንገድ ትከፍታለች። ቡድኑ ዘጠኝ ተጫውቶ ዘጠኙንም አሸነፈ፤ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1፣ 1946 ሹገር ቦውል በተባለው የዘመኑ መዝጊያ ግጥሚያ ሴንት ሜሪስን 33 ለ 13 ረታ። የዚያ ዓመት ዘውድ ግን ለጦር አካዳሚው ለአርሚ ሄደ። የአሠልጣኞች ማኅበር ለኦክላሆማውያኑም የ1945ን ሻምፒዮንነት የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ከሰባ አንድ ዓመት በኋላ። ፌኒሞር በ2010 ስላረፈ አላየውም።

እኚሁ ሄንሪ ቤኔት በ1942 ዓ.ም. ኢትዮጵያ መጥተው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኙ። ንጉሠ ነገሥቱ የእርሻ ኮሌጅ ይፈልጉ ነበር፤ ቤኔትም የገበሬ ልጆች የሚማሩበት ኮሌጅ መሪ ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ ፕሬዚዳንት ትሩማን «ፖይንት ፎር» የተባለውን የቴክኒክ ዕርዳታ ፕሮግራም እንዲመሩ ሾሟቸው። ቤኔት ግን የዕቅዳቸውን ፍሬ አላዩም፤ በታኅሣሥ 1944 ዓ.ም. ቴህራን አጠገብ አውሮፕላን ተከስክሶ ከባለቤታቸው ጋር ሞቱ። የኦክላሆማው ኮሌጅ ከኢትዮጵያ ጋር የሚሠራበት ውል የተፈረመው ከዚያ ወዲህ፣ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ነው።

ሥራው በጅማ ተጀምሮ ወደ ዓለማያ ተሻገረ። በሰኔ 1946 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ስቲልዋተር ድረስ ሄደው ኮሌጁን አመሰገኑ፤ በኤጀርሳ ጎሮ ተወልደው በሐረር ያደጉት ሰው ለሐረርጌ የሚመጡትን መምህራን አገር በዓይናቸው አዩ ማለት ነው። ዓለማያ ላይ የተሠራው ኮሌጅ በጥር 1950 ዓ.ም. እሳቸው ባሉበት ተመረቀ። ስሙም የእርሻና የመካኒክ ጥበብ ኮሌጅ ነበር፤ የታላቅ እህቱ ስም ግልባጭ። ስቲልዋተር በበኩሏ አንድ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ቀድማ አሮጌውን ስም ጥላ «ኦክላሆማ ስቴት» ሆና ነበር።

አሜሪካውያኑ እ.ኤ.አ. እስከ 1968 ሲቆዩ ያስተማሩት እርሻ ብቻ አልነበረም፤ ማስተማርን፣ ምርምርንና ለገበሬው ማድረስን አንድ ላይ የሚያስኬደውን አሠራራቸውን አስለመዱ። ያ አሠራር በሐረማያ ዛሬም አለ። ሞላላዋ ኳስ ግን በሐረርጌ ሥር አልሰደደችም። ምን ታድርግ? ቦታው ተይዞ ነበር። ከዓለማያ ቁልቁል ሲወረድ ድሬዳዋ አለች፤ የጥጥ ፋብሪካዋ ቡድን፣ ሰው ሁሉ «ኮተን» የሚለው፣ በ1950ዎቹ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የአገሪቱን ሻምፒዮንነት ደጋግሞ የወሰደ ቡድን ነበር። በምሥራቁ አገር ኳስ ማለት ክቧ ናት።

ወደ ስቲልዋተር አንድ ጊዜ ብቻ እንመለስ፣ የፌኒሞር ሥራ ለሁለት የተከፈለበትን ዘመን ለማየት። እ.ኤ.አ. በ1988 ቡድኑ ባሪ ሳንደርስ የሚባል አጠር ያለ ሯጭ ነበረው። በአሥራ አንድ ጨዋታ 2,628 ያርድ ሮጠ፤ በከፍተኛው የኮሌጅ ምድብ በአንድ የውድድር ዘመን ከዚያ በላይ የሮጠ እስካሁን የለም። የመደበኛውን ውድድር የመጨረሻ ጨዋታ ቶኪዮ ላይ ቴክሳስ ቴክን 45 ለ 42 ሲረቱ እሱ ብቻውን 332 ያርድ ሮጦ ነበር፤ የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች ሽልማት የሆነው የሃይዝማን ዋንጫ እንደተሰጠው የሰማውም እዚያው ጃፓን ሆኖ ነው። ስለዚህ ሰው ሲወራ የሚረሱ ሁለት ሰዎች አሉ፦ ወርዋሪው ማይክ ገንዲና ተቀባዩ ሃርት ሊ ዳይክስ። ዳይክስ በዚያው ዓመት ከአንድ ሺህ ያርድ በላይ ኳስ ተቀብሏል። ተጋጣሚ ሰዎቹን ሁሉ ሳንደርስ ላይ ካከማቸ ዳይክስ ብቻውን ይቀራል፤ ሁለት ሰው ለዳይክስ ከመደበ ለሳንደርስ በር ተከፈተ።

ገንዲ አድጎ የዚያው ቡድን አሠልጣኝ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2011 ዘመኑ ተለውጦ፣ ሁሉም ወርዋሪ በሆነበት ጊዜ፣ የእሱ ቡድን ወርዋሪ ብራንደን ዊደን 4,727 ያርድ ወረወረ፤ ጆሴፍ ራንድል ደግሞ 1,216 ያርድ ሮጦ 24 ጊዜ አስቆጠረ። ከአሥራ ሦስት ጨዋታ የተሸነፉት አንዱን ብቻ ነው፤ በአዮዋ ስቴት 37 ለ 31፣ በሁለተኛ ተጨማሪ ጊዜ፣ ዊደን የወረወራት ኳስ ተጠልፋበት። ለብሔራዊ ሻምፒዮንነት ጨዋታ ሳይደርሱ የቀሩት በዚያች ሌሊት ነው።

ጀጎል ውስጥ ይህ ሁሉ በሌላ ቋንቋ ይነገራል። ግንቡ በአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን ሲታጠር ከተማው ከውስጥ ተጨናነቀ፤ መተላለፊያዎቹ አንዳንዶቹ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፉም። በእንዲህ ያለ መንገድ የጨርቅ ኳስ የሚጫወት ልጅ የሚያቀብለው ሰው በቅርብ ባያገኝ ግድግዳውን ጓደኛ ያደርጋል፤ ኳሷን በኖራ በተለቀለቀው ድንጋይ ላይ አንጥሮ፣ ተጋጣሚውን በወዲያ በኩል ዞሮ ራሱ ይቀበላታል። ማቀበልም መሮጥም በአንድ እግር። ፌኒሞር ቢያየው ይገባው ነበር።

የአገሪቱ እግር ኳስም ሁለቱን አንድ ላይ የያዘበት ቀን ነበር። በጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች። ግርማ ተክሌ አቻ ባደረገ በደቂቃ ውስጥ ሁለተኛው ጎል ገባ፤ ሉቻኖ ቫሳሎ፣ በድሬዳዋው ኮተን ስሙን ያስጠራው አምበል፣ እንደገና አቻ አደረገ። በተጨማሪው ጊዜ ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ ጨመሩና 4 ለ 2 አለቀ። ከዚያ ወዲህ ሌላ የአፍሪካ ዋንጫ አልመጣም።

በኋለኛው ዘመን ቅብብሉ እንደ ማንነት ተያዘ። አሠልጣኙ፣ ጋዜጠኛው፣ ደጋፊው «የእኛ ጨዋታ ኳስ መሠረት ያደረገ ነው» ይላል። ውሸት አይደለም፤ ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ በ2005 ዓ.ም. ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰው ቡድን በዚሁ ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ወጥቷል። በአራተኛው ቀን ግን ቡርኪና ፋሶ በፈጣን ሩጫ 4 ለ 0 አሸነፈችው። ተጋጣሚ ኳሷ ወደ እግር ብቻ እንደምትሄድ ካወቀ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል። ቅብብሉ ጥፋት የለበትም፤ የጎደለው ከተከላካይ ጀርባ የሚሮጠው ሰው ነው፣ እሱንም በአካዳሚ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያሠለጥን ያስፈልጋል። ከዘጠኝ ዓመት በኋላም፣ በጥር 2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ፣ ብሔራዊ ቡድኑ ዋሊያዎቹ በአራተኛው ደቂቃ በዳዋ ሆቴሳ ጎል አስተናጋጇን መርተው 4 ለ 1 ተሸነፉ፤ ከምድባቸውም በአንድ ነጥብ መጨረሻ ሆነው ተመለሱ።