ከቀለሙ ሥር ያለው ቀለም

አንድ አሮጌ ቮልስ ቀለም ሊቀባ ጋራዥ ሲገባ ቀዳሚው ሥራ መቀባት ሳይሆን መፈግፈግ ነው። ቀቢው ውሃ የጠጣ የብርጭቆ ወረቀት ይይዝና በሩን ወይም ፓራፋንጎውን አንድ ቦታ ላይ ዙሪያውን ያሸዋል። ላይኛው ቀለም ይሳሳና ሥሩ ያለው ብቅ ይላል፤ እሱም ይሳሳና ሌላው ይከተላል። ጥቂት ቆይቶ መሐል ላይ ራቁቱን የቀረ ብረት፣ ቀጥሎ የፋብሪካው ፕራይመር፣ ቀጥሎ መኪናው ተወልዶ የለበሰው ቀለም፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ በየዘመኑ የተደረበበት ሁሉ ቀለበት ሠርቶ ይታያል። የትኛው ጎን ተገጭቶ በስቱኮ እንደተሞላ፣ መኪናው ስንት ጊዜ መልኩን እንደቀየረ፣ ታክሲ ሆኖ ሠርቶ እንደሆነም እዚያው ላይ ይነበባል። የሚያነበው ግን የለም። ሥራው ስለሚያስቸኩል ያ ሁሉ ታጥቦ መሬት ላይ ይፈስሳል። ይህ መጣጥፍ የተጻፈው ስለ እነዚያ ቀለበቶች ነው።

ቀለበቶቹን ለማንበብ የቀለሙን ታሪክ ከመነሻው ማወቅ ያስፈልጋል። መኪና አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ አንድ ሲድሊ መኪና ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውን እያቋረጠ አደረሰ። በዚያ ዘመን መኪና የሚቀባው የፈረስ ሠረገላ በሚቀባበት ወግ ነበር። እርሳስ ያለበት ቀለም በተልባ ዘይት ይበጠበጣል፤ በብሩሽ ይለቀለቃል፤ ቀናት ጠብቆ ሲደርቅ በለስላሳ የድንጋይ ዱቄት ይታሻል፤ እንደገና ይቀባል። ሥረኛው፣ ሙሊቱ፣ ቀለሙ፣ በመጨረሻም ቫርኒሹ እየተባለ ንብብሩ ብዙ ነበር። አንድ መኪና ከቀለም ቤት እስኪወጣ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወር በላይ ይፈጅበታል። ያ ሁሉ ተደክሞበትም ቫርኒሹ ሲያረጅ ይወይባል፤ በብጫው ሥር ያለው ሰማያዊ ወደ አረንጓዴ ያደላል። የዚያ ዘመን መኪና የሚያድሱ ባለሙያዎች ዛሬ ዓይናቸው አረንጓዴ ያየውን ሰማያዊ ብለው የሚመዘግቡበት አጋጣሚ ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሄንሪ ፎርድ ችግሩን የፈታው ምርጫን በማጥፋት ነው። ሞዴል ቲ እ.ኤ.አ. ከ1914 ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ ጥቁር ብቻ ሆኖ ወጣ። አስፋልት የተቀላቀለበት ጥቁር ኢናሜል ርካሽና ጠንካራ ነበር፤ በምድጃ ሙቀትም ቶሎ ይደርቃል።

ቀለምን ለመኪና የመለሰው የጦርነት ፋብሪካ ነው። የአሜሪካው ዱፖንት በአንደኛው የዓለም ጦርነት የባሩድ አቅራቢ ነበር። ጭስ አልባው ባሩድ የሚሠራው ጥጥን በናይትሪክ አሲድ በማከም ሲሆን፣ የሲኒማ ፊልምም ከዚያው የኬሚካል ዘር ይወለዳል። ጦርነቱ አብቅቶ የባሩድ ገበያ ሲጠፋ የኩባንያው ኬሚስቶች ይህንኑ ናይትሮሴሉሎስ ለሌላ ጥቅም ለማዋል ሲጥሩ ቆዩ። ችግሩ ውፍረቱ ነበር፤ ለመረጨት እንዲቀጥን በብዙ ማሟሟያ ሲበጠበጥ የሚተርፈው ቀለም ከመሳሳቱ የተነሣ ብረቱን አይሸፍንም። ብዙ ቀለም ተሸክሞ ግን እንደ ውሃ የሚፈስ ድብልቅ ሲያገኙ ዱኮ የተባለው ላከር ተወለደ። ዱፖንት በወቅቱ የጄኔራል ሞተርስ ትልቅ ባለአክሲዮን ስለነበር ገበያ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። እ.ኤ.አ. በ1923 ለ1924 ሞዴል የቀረቡት ኦክላንድ መኪኖች ዱኮ ተቀብተው ሰማያዊ ሆነው ወጡ። ሳምንታት ይበላ የነበረው ሥራ በሰዓታት የሚቆጠር ሆነ። ከዚያ በኋላ ፋብሪካዎች በየዓመቱ አዲስ ቀለም ይዘው መቅረብ ቻሉ፤ ሰውም መኪናውን በቀለሙ መምረጥ ጀመረ።

ዱኮ በብሩሽ ቢቀባ ኖሮ ይህን ያህል ባልተጓዘ ነበር፤ ብሩሹ ገና ሳይነሣ ይደርቃልና። ለዚህ ያበቃው በአየር ግፊት የሚረጨው መሣሪያ ነው፤ መሣሪያው ደግሞ ከመኪና ፋብሪካ አልመጣም። አለን ዴቪልቢስ የኦሃዮ ቶሌዶ ከተማ ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1888 የሕመምተኞችን ጉሮሮ በመድኃኒት ለመርጨት አንዲት ትንሽ መርጫ ሠራ። ልጁ ቶማስ ያንኑ ሐሳብ አሳድጎ እ.ኤ.አ. በ1907 የቀለም መርጫ ሽጉጥ አደረገው። ዛሬ በአዲስ አበባ ጋራዥ ቀቢው ከኮምፕረሰሩ ጋር አገናኝቶ የሚይዘው ሽጉጥ የዚያ የጉሮሮ መርጫ የልጅ ልጅ ነው። የሐኪሙን ሥራ አስባለሁ፤ እሱ ሰው እንዲተነፍስ የሠራው ዕቃ የስንቱን ቀቢ ሳንባ እንደጎዳ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከላከሩ በኋላ የመጡት በአጭሩ ይነገራሉ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አዲስ ዓይነት በምድጃ የሚጋገር ኢናሜል፣ በ1950ዎቹ አክሪሊክ፣ በመጨረሻም ዛሬ የምናውቀው ከታች ቀለም ከላይ ክሊር (ቀለም የሌለው ሽፋን) የሚባለው ሁለት ድርብ ሥራ ተከተሉ።

ወደ ቮልስ ልመለስ። ቮልስዋገን ቢትል ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ በቮልፍስበርግ በብዛት መመረት ጀምሮ፣ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ሜክሲኮ ፑዌብላ ላይ ሲወጣ ድምሩ 21,529,464 ደርሶ ነበር። ከዚያ ብዛት ለአዲስ አበባ የደረሳት ጥቂት ቢሆንም ከተማዋ እንደራሷ አድርጋ ይዛዋለች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነው። ከአስተማሪ እስከ ወታደር፣ ከሐኪም እስከ ነጋዴ ሁሉ የነዳው መኪና ነው፤ ያ የመስከረም ቀንም ብቻውን ለቮልስ የታሪክ ቅርስነት ምስክር ቢሆን አይበዛበትም።

ለቀቢ ደግሞ ቮልስ የተመቸ መኪና ነው። አራቱም ፓራፋንጎዎች በቡሎን የታሰሩ ስለሆኑ እየተፈቱ ለየብቻ ይሠራሉ። በፓራፋንጎውና በቦዲው መካከል የሚገባው የጎማ ጥብጣብ ሲነሣ፣ ከሥሩ ፀሐይ ያልነካው የፋብሪካ ቀለም አንዳንዴ እንደ አዲስ ይገኛል። ክፉው ቦታ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ባትሪው የተቀመጠው እዚያ ስለሆነ አሲዱ ወለሉን ይበላል። በበሮቹ ሥር የሚያልፈው የሙቀት አየር መተላለፊያ ከዛገ ደግሞ ከቀለም በፊት ብየዳና አዲስ ላሜራ የግድ ነው። በስቱኮ ሸፍኖ ቀለም መደረብ ባለቤቱን ማታለል ነው፤ ሁለት ክረምት ሳያልፍ ዝገቱ አረፋ ሠርቶ ይወጣል።

ፋብሪካው ለእያንዳንዱ ቀለም ቁጥር ሰጥቶታል። ኤል 41 ጥቁር፣ ኤል 87 የዕንቁ ነጭ፣ ኤል 456 ሩቢ ቀይ ነው። ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀት ከፊት ኮፈን ሥር ባለው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይለጠፍ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ግን ወረቀቱ ወልቆ፣ ወይም ራሱ ተቀብቶበት ይገኛል። ያኔ ምስክሩ ቀለሙ ብቻ ይሆናል።

ፊያት 600 ላይ ይህ ምስክርነት ይበልጥ ይጎላል። እኛ ሴይቼንቶ የምንለው ይህ መኪና በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ሆኖ ለፍቷል፤ ከእሱ በኋላ የመጣው ላዳም ያንኑ ቀለም ለብሷል። ዛሬ ቀይ ሆኖ የቆመ ሴይቼንቶ ጣሪያው ሲፈገፈግ ነጭ፣ በሩ ሲፈገፈግ ሰማያዊ ቢያወጣ፣ ከሰነድ በላይ የሚናገር ማስረጃ ነው። ሊብሬው ባለቤቶቹን ይመዘግባል፤ ቀለሙ ደግሞ ሥራውን።

የአዲስ አበባ አየር በቀለም ላይ የራሱ ጠባይ አለው። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ በበጋ ደግሞ ደረቅ። ቀለሙን የሚያቀጥነው ቲነር ከሽጉጡ አፍ ወጥቶ ብረቱ ላይ ሳያርፍ ይበንና ቀለሙ እንደ አሸዋ ሻካራ ይሆናል። የለመደ ቀቢ በዝግታ የሚተን ቲነር ይመርጣል፤ ፀሐይ ሳትበረታም ማለዳ ይረጫል። ክረምት ሲገባ ችግሩ ይገለበጣል። የላከሩ ቲነር ቶሎ ሲተን ብረቱን ያቀዘቅዘዋል፤ እርጥብ አየር እዚያ ላይ ጤዛ ይሆንና ቀለሙን ነጭ ጉም ያለብሰዋል። ከፍታው የፀሐይዋንም ጨረር ያበረታዋል። በዚህ ከተማ ደጅ የሚውል ቀይ መኪና ጣሪያው ደብዝዞ ኖራ መሰል ዱቄት የሚያወጣው በዚህ ነው። ዱቄቱ ግን የቀለሙ ሞት አይደለም። ክሊር የሌለው የድሮ ኢናሜል ወፍራም ስለሆነ በጥንቃቄ በመወልወያ ፓስታ ሲታሽ ከሥሩ ቀለሙ ይመለሳል። አዲስ ቀለም የታዘዘላቸው ብዙ መኪኖች የሚያስፈልጋቸው ትዕግሥተኛ እጅና ፖሊሽ ብቻ ነበር።

አሁን ስለ ቀቢው ልናገር። ያረጀውን ቀለም በደረቁ የሚፈገፍግ ሰው እርሳስና ክሮሚየም ያለበት አቧራ ይተነፍሳል፤ የድሮው ብጫና ቀይ በአብዛኛው ከእነዚህ የተሠራ ነበርና። በሃርድነር የሚበጠበጠው ዘመናዊ ቀለምና ክሊር ደግሞ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለው። ይህ በሥራ ምክንያት ለሚመጣ አስም በዓለም ላይ ከታወቁት ዋና መነሻዎች አንዱ ነው። ሽታው ሳይታወቅ ይጎዳል፤ አንዴ አስም የያዘው ቀቢ ከዚያ በኋላ ጥቂቱም ያስነሣበታል። አፍን በጨርቅ ማሰር ለዚህ ምንም አይፈይድም። የሚያስፈልገው ንጹሕ አየር ከውጭ በቱቦ የሚያመጣ ጭንብል፣ አየሩን የሚስብ ክፍልና በውሃ መፈግፈግ ነው። ደጅ ላይ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ለሚሠራ ወጣት ይህን ማሟላት ውድ መሆኑ ይገባኛል። ቢሆንም መኪና ለማደስ ብዙ ብር የሚከፍል ባለቤት ጭንብሉን የዋጋው አካል ማድረግ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ሌላው የሚያሳስበኝ ከመጠን ያለፈ ማሳመር ነው። እ.ኤ.አ. የ1950ዎቹ ቮልስ ከፋብሪካ ሲወጣ አንጸባራቂነቱ ለስለስ ያለ ነበር። ዛሬ በላዩ ሦስት እጅ ክሊር ይረጭበትና መስተዋት ይመስላል፤ ወይም ከፋብሪካ ያልነበረው ሜታሊክ ይለብሳል። ሰው መኪናውን እንደወደደ ቢቀባ መብቱ ነው፤ ታደሰ ማለት ግን ያስቸግራል። የጥንታዊ መኪኖች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የሆነው ፊቫ እ.ኤ.አ. በ2012 ያጸደቀው የቶሪኖ ቻርተር በመኪና ላይ የተረፈውን የመጀመሪያ አካል ማቆየትን ከመለወጥ ያስቀድማል፤ የተሠራውም ሥራ ሁሉ እንዲመዘገብ ይጠይቃል። ይህ ለሀብታም ሰብሳቢዎች ብቻ የወጣ ደንብ አይመስለኝም። እኛን ይበልጥ ይመለከተናል፤ ምክንያቱም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። በአገራችን ያሉት ቮልሶችና ሴይቼንቶዎች ከእንግዲህ የሚተካቸው የለም።

ስለዚህ መፋቂያው ከመነሣቱ በፊት ቢደረግ የምለው ከባድ አይደለም። ከበሩ የውስጥ ልባስ ጀርባ፣ ከኋላ ወንበር ሥርና ከፓራፋንጎው ጥብጣብ ሥር ያለው ቀለም በቀን ብርሃን ፎቶ ይነሣ። አንድ የማይታይ ቦታ ላይ ቀለበቶቹን የሚያሳይ ክብ ይፈግፈግና ፎቶው ከሻንሲ ቁጥሩና ከጋራዡ ደረሰኝ ጋር ይቀመጥ። ለአዲሱ ቀለም ናሙና የሚወሰደው ፀሐይ ከበላው ጣሪያ ሳይሆን ከተሸሸገው ቦታ፣ ያውም ተወልውሎ ከጠራ በኋላ ይሁን። በመጨረሻም ቀቢው መርጨት ሲጀምር ከወንበሩ ሥር አሲድ ያልነካው መዳፍ የሚያህል ቦታ በወረቀትና በስኮች ሸፍኖ እንዳለ ይተወው፤ መኪናውን ከሃያ ዓመት በኋላ የሚቀባው ሰው የፋብሪካውን ቀለም እዚያ ያገኘዋል።