ኪነ ጥበብ በሳይንቲስቶችና በሐኪሞች ሥራ

ብዙ ሳይንቲስቶችና ሐኪሞች ከሙያቸው ጎን ለጎን ይጽፋሉ፣ ይሥላሉ ወይም ሙዚቃ ይጫወታሉ። ይህ ዝንባሌ ከሥራ በኋላ የሚደረግ መዝናኛ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ አንዳንዶች ሥራቸውን የሚያዩበትን ዓይንም ይለውጣል። ከኢትዮጵያ ጋር ከተያያዙት ምሳሌዎች አንዱ አዲስ አበባ የተወለዱት ሐኪምና ደራሲ አብርሃም ቨርጊስ ናቸው።

በሌላው ዓለም

ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል በልጅነታቸው ሠዓሊ መሆን ይፈልጉ ነበር፤ አባታቸው ግን ወደ ሕክምና መሯቸው። በኋላ በማይክሮስኮፕ ያዩትን በእጃቸው እየሣሉ፣ የነርቭ ሥርዓት ከተለያዩ ህዋሳት የተገነባ እንጂ አንድ ወጥ መረብ አለመሆኑን አስረዱ። እ.ኤ.አ. በ1906 የኖቤል ሽልማት ተጋሩ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሮበርት ሩት በርንስታይንና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት፣ የኖቤል ተሸላሚ ሳይንቲስቶች ከሌሎች ሳይንቲስቶች ይልቅ በኪነ ጥበብ የመሳተፍ ዝንባሌያቸው ከፍ ያለ መሆኑን ያሳያል። ይህ ግን ለሽልማት ያበቃቸው ጥበቡ ነው ለማለት ብቻውን አይበቃም።

አብርሃም ቨርጊስ

ቨርጊስ እ.ኤ.አ. በ1955 ከሕንድ ከመጡ መምህራን ተወለዱ። አዲስ አበባ የጀመሩት የሕክምና ትምህርት በ1966 ዓ.ም. በፈነዳው አብዮት ምክንያት ተቋርጦ፣ በሕንድ ማድራስ ፈጸሙት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት፣ በጆንሰን ሲቲ ከተማ የኤድስ ሕሙማንን ያክሙ ነበር። ከሕሙማኑ ብዙዎቹ በትልልቅ ከተሞች ኖረው፣ ሲታመሙ ወደ ትውልድ ቀያቸው የተመለሱ ወጣቶች ነበሩ። ቨርጊስ ይህን ክስተት በሳይንሳዊ ጽሑፍ አሳተሙ፤ የጥናት ቋንቋ ግን የሕሙማኑንና የቤተሰቦቻቸውን ሐዘን፣ የራሳቸውንም ስሜት ሊገልጽላቸው አልቻለም። ስለዚህ ሥራቸውን ትተው በአይዋ ዩኒቨርሲቲ የድርሰት ትምህርት ተከታተሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1991ም ተመረቁ። እ.ኤ.አ. በ1994 ያንን ዘመን የሚተርከው «ማይ ኦውን ካንትሪ» ታተመ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ልቦለዳቸው «ከቲንግ ፎር ስቶን» ደግሞ በአዲስ አበባ ባለ ምናባዊ ሆስፒታል የተወለዱ መንትዮችን ታሪክ ይተርካል።

ድርሰት ግን ከሕክምና አላስወጣቸውም። እ.ኤ.አ. በ2008 በጻፉት መጣጥፍ፣ ሐኪሞች አልጋ ላይ ከተኛው ሰው ይልቅ በኮምፒውተር ውስጥ ላለው መረጃው ጊዜ እየሰጡ መምጣታቸውን ተችተዋል። በሚያስተምሩበት ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲም ሐኪም በዓይኑ፣ በጆሮውና በእጁ የሚያደርገው ምርመራ እንዳይረሳ ይሠራሉ። ደራሲ ገጸ ባሕርይ ለመሳል የሚያስፈልገው ትዕግሥትና ማስተዋል፣ ሐኪምም ሕመምተኛውን ለማወቅ የሚያስፈልገው ነው።